አሳምሮ መሥራት ብቻውን ይበቃልን?

«የተሰጠህን ሥራ አሳምረህ ሥራ» የሚለው ምክር ከልጅነታችን ጀምሮ ከወላጅም፣ ከመምህርም፣ ከአለቃም አፍ የምንሰማው ነው። ምክሩ መልካም መሆኑን የሚጠራጠር የለም፤ በሥራው የሚለግም ሰው ለራሱም ለወገኑም ሸክም ነውና። ዳሩ ግን ከዚህ ምክር ሥር አንድ ጥያቄ ተደብቆ ይኖራል። ይኸውም፣ የተሰጠን ሥራ ራሱ የተጣመመ የሆነ እንደ ሆነ፣ ወይም የተሰጠን ስፍራ ከሚገባን በታች ሆኖ ሌላው በር ሁሉ የተዘጋብን እንደ ሆነ፣ ያንኑ ሥራ አሳምሮ መሥራት የሚያስመሰግን ነው ወይስ የሚያስነቅፍ? የሚለው ነው።

አንዳንዱ ሰው «እኔ የታዘዝሁትን ፈጽሜአለሁ፤ የቀረው አይመለከተኝም» ብሎ ይገላገላል። ሌላው ደግሞ «ሥራው የተበላሸ ከሆነ ሠራተኛውም የተበላሸ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ይፈርዳል። ሁለቱም አነጋገሮች አጫጭሮች ስለሆኑ ለአፍ ይመቻሉ፤ ለሕሊና ግን አይበቁም። ስለዚህ ነገሩን በባዶ ሐሳብ ከማመላለስ ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ አሳርፈን ብንመረምረው ይሻላል። ይህም ሰው በአሜሪካ የሲኒማ ከተማ በሆሊውድ ረዳት ተዋናይት ሆና የኖረችው ሃቲ ማክዳንየል ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሲኒማ ሥራ ውስጥ ዋና ተዋናይና ረዳት ተዋናይ የሚባሉ አሉ። ታሪኩ የሚዞረው በዋናው ዙሪያ ነው፤ የሚያፈቅረው፣ የሚያዝነው፣ በመጨረሻም ድል የሚያደርገው እርሱ ነው። ረዳቱ ግን በር ይከፍታል፣ ምግብ ያቀርባል፣ ዋናው ምስጢሩን የሚነግረው ሰው ሲያጣ ጆሮውን ያውሰዋል። ሆኖም ረዳቱ ሥራውን ያላወቀ እንደ ሆነ ዋናው ተዋናይ ብቻውን ከግድግዳ ጋር የሚነጋገር ይመስላል። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ በ1929 ዛሬ ኦስካር የሚባለውን ሽልማት መስጠት ሲጀምር ለረዳት ተዋንያን የተለየ ሽልማት አልነበረውም። በ1936 ለወጡት ፊልሞች መስጠት በጀመረ ጊዜም ለዋናዎቹ ሐውልት ሲሰጥ ለረዳቶቹ የሚሰጠው ሠሌዳ ነበር፤ ረዳቶቹም እንደ ዋናዎቹ ሐውልቱን ለመቀበል የቻሉት በ1944 ከተደረገው በዓል ጀምሮ ነው። እንግዲህ በምስጋናው አዳራሽ ውስጥ እንኳ ትልቅና ትንሽ ወንበር ነበረ ማለት ነው።

ሃቲ ማክዳንየል በ1890ዎቹ ዓመታት በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ ተወልዳ በኮሎራዶ በዴንቨር ከተማ አደገች። ወላጆችዋ በባርነት የተወለዱ ሰዎች ነበሩ። አባትዋ ሄንሪ ማክዳንየል ባርነትን ባስቀረው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሰሜኑ ሠራዊት ጋር ተሰልፎ የተዋጋ ወታደር ነበረ። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ያስፈልገናልና።

ልጅቱ ገና ተማሪ ሳለች ግጥም በቃል በማቅረብ ተሸልማለች። ከወንድሞችዋም ጋር በተጓዥ ቡድን ውስጥ እየዘፈነችና እያሳቀች አገር ለአገር ዞራለች፤ የራስዋን ዘፈኖች ደርሳ በሸክላ አስቀርጻለች። በ1929 የአሜሪካ ንግድ በወደቀ ጊዜ ግን የቴአትር ሥራ ጠፋና በሚልዎኪ ከተማ አጠገብ በሚገኝ የምሽት ክበብ የመታጠቢያ ክፍል አገልጋይ ሆና ተቀጠረች። እዚያም አንድ ምሽት ዕድል አግኝታ ብትዘፍን ሰሚዎቹ ስለ ወደዷት ከመታጠቢያው ክፍል ወደ መድረክ ወጣች። በ1931 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደች። በዚያም ፊልም ሲገኝ ስምዋ እንኳ በማይጻፍበት ጥቃቅን ክፍል እየተጫወተች፣ ፊልም ሲጠፋ በሰው ቤት እያጠበችና እየቀቀለች ኖረች። በካሜራ ፊት የምትጫወተው ሥራና ከካሜራ ኋላ የምትሠራው ሥራ አንድ ነበሩ ማለት ነው።

ለምን ሌላ ሥራ አልተሰጣትም? ቢባል መልሱ የችሎታ ጕዳይ አይደለም። ከ1934 ጀምሮ የፊልም ድርጅቶች ሁሉ አጥብቀው የያዙት የሥነ ምግባር ደንብ በነጭና በጥቍር መካከል ፍቅርን ማሳየት ይከለክል ነበር። የፊልም ታሪክ ሁሉ በፍቅር ላይ የሚቆም በሆነበት ዘመን ይህ ክልከላ ጥቍር ተዋናይትን ከነጮች ጋር በምትሠራበት ፊልም ከዋናው ስፍራ አስቀድሞ የሚያስወጣ ነው። ከዚህም በቀር በደቡብ ግዛቶች ያሉት ሲኒማ ቤቶች ጥቍር ሰው ተከብሮ የሚታይበትን ፊልም አንቀበልም እንዳይሉ ድርጅቶቹ ይፈሩ ነበር፤ የተከበረ ነገራቸው ገንዘባቸው ነበረና። ስለዚህ ለጥቍር ሴት የቀረው የገረድ፣ የሞግዚትና የወጥ ቤት ሠራተኛ ክፍል ብቻ ሆነ።

ሃቲ ማክዳንየል በዚህች ጠባብ በር ገባች፤ ገብታም ዝም ብላ አልቆመችም። በ1935 በወጣው «አሊስ አዳምስ» በሚባለው ፊልም ለአንድ ምሽት ግብዣ የተቀጠረች አስተናጋጅ ሆና ስትጫወት፣ የጌቶቹን የውሸት ትልቅነት በዝግታ አረማመድዋና በፊትዋ ብቻ እያጋለጠች ተመልካቹን ታስቃለች። ገረዲቱ ታዛዥ ናት፤ ዓይንዋ ግን የሚያየውን ሁሉ ይመዝናል። ይህ ዓይን በኋላ የዝናዋ መሠረት ሆነ።

በ1939 «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው ታላቅ ፊልም ወጣ። ታሪኩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን በእስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጕሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለአገሩ ሰው ያቀረበው ነውና። በፊልሙ ውስጥ ማክዳንየል የተጫወተችው ማሚ የምትባለዋን ባሪያ ሞግዚት ነው። ማሚ እመቤትዋን ትገሥጻለች፣ ትቈጣለች፣ ታፍርባታለች። የቤቱ ሕፃን ከሞተች በኋላ ደረጃውን እየወጣች የአባትዬውን ኀዘን እያለቀሰች ስትናገር ያየ ሰው፣ ከፊልሙ ሌላው ቢጠፋው ያ ደረጃ አይጠፋውም። በዚያ ደረጃ ላይ አብራት የምትወጣው ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ለዚያው ለረዳት ተዋናይት ሽልማት ታጭታ ነበር፤ ሽልማቱን ግን ያገኘችው ማክዳንየል ናት።

የፊልሙ የመጀመሪያ በዓል በታኅሣሥ ወር 1939 በአትላንታ ከተማ ሲደረግ ማክዳንየል አልተገኘችም። የግዛቱ ልማድ ጥቍርን ከነጭ ጋር አያስቀምጥም ነበርና። በየካቲት 29 ቀን 1940 በሎስ አንጀለስ በአምባሳደር ሆቴል ሽልማቱ በተሰጠ ጊዜም ሆቴሉ ጥቍር እንግዳ የማይቀበል ስለ ነበረ የፊልሙ ባለቤት ዴቪድ ሴልዝኒክ ልዩ ፈቃድ መለመን ነበረበት። የሥራ ጓደኞችዋ በአንድነት በተቀመጡበት አዳራሽ እርስዋ በግድግዳው ጥግ በተለየች ትንሽ ጠረጴዛ ተቀመጠች። ስምዋ በተጠራ ጊዜ ተነሥታ ወጣች፤ ለዘርዋና ለፊልም ሥራ ክብር እንድትሆን ተስፋዋን ገልጻ እያለቀሰች ሠሌዳዋን ተቀበለች። ከጥቍሮች ወገን ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያዋ እርስዋ ናት፤ ሌላ ጥቍር ሴት በትወና ኦስካር ለማግኘት እስከ 1991 ድረስ 51 ዓመት መጠበቅ አስፈልጓል። አዳራሹም አጨበጨበላት። ካጨበጨበም በኋላ ወደዚያችው ጥግ ተመለሰች።

እስከዚህ ድረስ የሰማ ሰው ፍርዱ ቀላል ይመስለዋል፤ ግፈኛው አዳራሹ፣ የተገፋችው ሴቲቱ ናት ብሎ ይዘጋዋል። ነገር ግን ከገዛ ወገኖችዋ መካከል ብርቱ ነቀፌታ የሰነዘሩባት ነበሩ። ከእነርሱም ዋናው ለጥቍር አሜሪካውያን መብት የሚከራከረው ማኅበር ዋና ጸሐፊ ዋልተር ኋይት ነበረ። ኋይት በ1942 ወደ ሆሊውድ ሄዶ የፊልም ድርጅቶች ጥቍርን በገረድነትና በአሽከርነት ብቻ ማሳየታቸውን እንዲተዉ ጠይቋል። የክርክሩም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ጥቍርን የሚያውቀው በሲኒማ ብቻ ከሆነና በሲኒማም የሚያየው ለጌታው በደስታ የሚያገለግል ባሪያን ብቻ ከሆነ፣ በአደባባይ ስለ እኩልነት የሚነገረው ቃል ሁሉ በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ይፈርሳል።

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። እንዲያውም ከዚህ የከበደ ነገር አለበት። ማክዳንየል ሥራዋን ባታሳምር ኖሮ፣ ማሚ ተራ አሻንጉሊት ሆና በቀረች፣ ፊልሙ ስለ ባርነት የሚናገረውም ውሸት ውሸትነቱ በታወቀ ነበር። እርስዋ ግን ነፍስ ሰጠቻት፤ ተመልካቹም ማሚን ሲወድ ማሚን ባሪያ ያደረገውን ቤት አብሮ ወደደው። አባትዋ የጠመንጃ አፈሙዝ ያዞረበትን ያን ሥርዓት ልጁ በጥበብዋ አስወደደችው ማለት ነው። እንግዲህ አሳምሮ መሥራት ሁልጊዜ በጎ ነገር ብቻ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

በርስዋ በኩል ያለውንም መልስ መስማት ይገባል። የገረድን ክፍል በፊልም ብትጫወት በሳምንት 700 ዶላር እንደምታገኝ፣ ባትጫወት ግን ያንኑ ሥራ በሰው ቤት ሠርታ በሳምንት 7 ዶላር እንደምታገኝ ተናግራለች ተብሎ ይጠቀስላታል። ይህ መልስ ስለ እንጀራ ሲሆን ጽኑ ነው። የሰው ልብስ አጥቦ የማያውቅ ሰው ልብስ ያጠበችውን ሴት ስለ ክብር ሲያስተምራት ቃሉ ይቀልበታል። ስለ እውነት ሲሆን ግን መልሱ አይሞላም፤ ዋጋው መቶ እጥፍ መሆኑ የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ አይነግረንምና።

«ታዲያ እምቢ ብትልስ?» ለሚለው መልስ እንዲሆነን እምቢ ያሉትን እንመልከት። በ1936 «ሾው ቦት» በሚባለው ፊልም ከማክዳንየል ጋር የተጫወተው ታላቁ ዘፋኝ ፖል ሮብሰን በ1942 በሠራው ፊልም አዝኖ ሆሊውድን ተወ። ነገር ግን ሮብሰን በዓለም ሁሉ የሚደመጥ ድምፅና የሕግ ትምህርት ነበረው። ሊና ሆርን በዚያው በ1942 ከትልቅ ድርጅት ጋር ስትዋዋል ገረድ ሆና እንዳትጫወት ተስማማች፤ ድርጅቱም ቃሉን ጠበቀ፣ ሆኖም የምትዘፍንበትን ክፍል ከታሪኩ ለይቶ ይሠራው ስለ ነበር የደቡብ ሲኒማ ቤቶች ቈርጠው ሊጥሉት ይችሉ ነበር። በ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ሌላዋን ገረድ ሆና የተጫወተችው በተርፍላይ ማክኲን ደግሞ እንዲህ ያለውን ክፍል ከጊዜ በኋላ አልቀበልም አለች። የፊልም ሥራም ራቃት፤ በልዩ ልዩ ሥራ ስትተዳደር ኖራ በ1975 በ64 ዓመትዋ በኒውዮርክ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዋን ተቀበለች። ሦስቱም የሚከበሩ ናቸው። ዳሩ ግን የሦስቱም ታሪክ የሚያሳየን እምቢታ ዋጋ እንዳለውና ዋጋውንም ሁሉ ሰው እኩል ሊከፍለው እንደማይችል ነው። በር በሌለበት ቤት «በየትኛው በር ገባሽ?» ብሎ መፍረድ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

እንግዲህ በምን እንፍረድ? በበኩሌ የማምነው ሦስት ነገር መመዘን እንዳለበት ነው። አንደኛው፣ ለሠራተኛው ስንት በር ተከፍቶለት ነበር? የሚለው ነው፤ ይህን ከላይ አይተናል። ሁለተኛው፣ በተሰጠው ጠባብ ስፍራ ከታዘዘው በላይ ምን አኖረበት? የሚለው ነው። ሦስተኛውም፣ ከሥራው ያገኘውን ኃይል ለምን አዋለው? የሚለው ነው።

በሁለተኛው ሚዛን ማክዳንየል አልቀለለችም። ጸሐፊዎቹ የጻፉላት ታዛዥ ገረድን ነበር፤ እርስዋ የሰጠችው ግን ጌቶችዋን ዓይን ለዓይን እያየች የምትመዝን ሴትን ነው። በ1947 «ቢዩላ» በተባለው የራዲዮ ዝግጅት ዋና ተዋናይት ሆነች። ከእርስዋ በፊት የዚህችን ጥቍር ገረድ ድምፅ ያወጣ የነበረው ነጭ ወንድ ነበረ። ማክዳንየል ሥራውን ስትቀበል ለጥቍሮች መሳለቂያ ተብሎ የተፈጠረውን የተሰባበረ አነጋገር እንደማትናገር አስታውቃ ተዋዋለች። ክፍሉ አሁንም የገረድ ነው፤ አንደበቱ ግን ተመልሶ የባለቤቱ ሆነ።

በሦስተኛው ሚዛን ደግሞ ታሪኩ ከሲኒማ አዳራሽ ወደ ፍርድ ቤት ይሻገራል። ማክዳንየል ባገኘችው ገንዘብ በሎስ አንጀለስ ሹገር ሂል በሚባል ሰፈር ቤት ገዛች። በሰፈሩ ያሉት ነጮች በቤት ሽያጭ ውል ውስጥ «ለጥቍር አይሸጥም» የሚል ቃል አለ ብለው እርስዋንና ሌሎቹን ጥቍሮች ለማስወጣት ከሰሱ። እርስዋም ጎረቤቶችዋን በቤትዋ እየሰበሰበች አስተባበረች፤ ሎረን ሚለር የተባለው ጥቍር ጠበቃም ተከራከረላቸው። በታኅሣሥ ወር 1945 ዳኛው ተርመንድ ክላርክ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለዜጎች ሁሉ የሰጠው እኩልነት ለጥቍሮችም መሆኑን ጠቅሶ ክሱን ውድቅ አደረገው። በ1948ም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች በግድ ሊያስፈጽሙት እንደማይችሉ ወሰነ። በፊልም የሰው ቤት ስትጠርግ የምትታየው ሴት በእውነተኛው ዓለም የቤት ባለቤትነትን መብት ለወገኖችዋ ካስከበሩት አንዷ ሆነች። የፊልሙ 700 ዶላር የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ካለ፣ አንዱ መልስ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ከመዘንሁ በኋላ ዋልተር ኋይት ተሳስቷል አልልም። ከ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ንግግር ውስጥ ጥቍሮችን የሚያዋርደው ዋናው የስድብ ቃል የወጣው ከውጭ የቆሙት ጥቍሮችና ጋዜጦቻቸው ስለ ጮኹ ነው። ውጭ ቆሞ የሚጮህ ባይኖር ውስጥ ያለው ሠራተኛ ብቻውን አይችለውም፤ ውስጥ ገብቶ ችሎታውን የሚያሳይ ባይኖር ደግሞ የውጭው ጩኸት ምስክር ያጣል። ስሕተቱ የሚጀምረው ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ በሩን የዘጋው ሰው ተረስቶ በሰላም ሲቀመጥ ነው።

በሩን የዘጋው ምን አደረገ? አጨበጨበ። ጭብጨባ ርካሽ ነገር ነው፤ ማንንም ከወንበሩ አያስነሣም። ማክዳንየል በጥቅምት ወር 1952 ስታርፍ በሆሊውድ መቃብር ለመቀበር ተናዝዛ ነበር፤ መቃብሩ ጥቍር አይቀበልም ነበርና ተከለከለች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይህ ነው። የመታሰቢያ ሐውልት በዚያ የቆመላት በ1999፣ 47 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የሽልማት ሠሌዳዋን በዋሽንግተን ለሚገኘው ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተናዝዛ ሰጥታ ነበር፤ እርሱም በኋላ ጠፋ፤ አካዳሚው ምትኩን ለዩኒቨርሲቲው የሰጠው በ2023 ነው። ምስጋና ከፍትሕ ጋር ሲሄድ ያማረ ነገር ነው፤ በፍትሕ ፈንታ ሲሰጥ ግን የዕዳ ማዘግያ ይሆናል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። አሳምሮ መሥራት ብቻውን አይበቃም። አንድ ጸሐፊ የሰውን መብት የሚነፍግ ውሳኔ በተዋበ ቃልና በጠራ ጽሕፈት ቢያዘጋጅ፣ የጽሕፈቱ ማማር ውሳኔውን ያለሰልሰዋል እንጂ አያቃናውም። አንድ መምህር ሐሰት የሆነውን ትምህርት በጣፈጠ አንደበት ቢያስተምር፣ የአንደበቱ ጣዕም ሐሰቱን በተማሪው ልብ ውስጥ ያረዝመዋል። ስለዚህ ችሎታ ያለው ሰው ከሰነፉ ይልቅ አብልጦ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ሰነፍ የሚሠራው ክፉ ሥራ ቶሎ ሲፈርስ የጐበዙ ግን ይቆማልና።

ነገር ግን ይህ ጥያቄ ከታች ላለው ብቻ የሚቀርብ አይደለም። ከእኛ መካከል ሥራ የሚያከፋፍል፣ ቦታ የሚመድብ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስን ሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባዋል። በትንሽ ስፍራ የተቀመጠው ሠራተኛ ሥራውን አሳምሮ ሲያቀርብለት ማመስገኑ መልካም ነው። ካመሰገነ በኋላ ግን ጠረጴዛውን ከጥግ አንሥቶ ወደ መካከል ማምጣቱን ያስብ፤ ይህን ሳያደርግ የቀረ እንደ ሆነ ምስጋናው ለራሱ እንጂ ለሠራተኛው አልሆነም።